«ቅርብ ናት» ብዬ የጻፍኩባት ተራራ

ነሐሴ 14፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ወልድያ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ዝናቡ ቀድሞኝ ደርሷል። የምሄደው ወደ ላሊበላ ነው፤ ዓላማዬም መዝናናት ነው፤ ያውም በነሐሴ!

ነገሩ የጋዜጣችን አዘጋጅ ጥፋት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከቤት ወጥቶ ተራራ እንደመውጣት የሚያስደስት ነገር እንደሌለ ከአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ አነበበና «ክረምትን በደስታ» የሚል ዓምድ ከፈተ። ፈረንጆቹ በነዚያ ወራት ፀሐይ ሲሞቁ እኛ ጭቃ እንደምናቦካ ያስታወሰው ሰው የለም። ዓምዱን በብዕር ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከወንበሬ ሳልነሳ አገሩን በሙሉ አስጎብኝቻለሁ። ዘንድሮ አዘጋጁ «እስቲ አንዱን እንኳ ሄደህ እየው» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተቀየምኩ።

ረፋድ 5 ሰዓት፤ ጋሸና

መገንጠያው ላይ የቆሙ የጭነት መኪናዎች፣ ጭቃ፣ ጉም፣ የሽሮ ሽታ። ሽሮው ስምንት ብር ነው፤ ሁለት ጊዜ በላሁ። የላሊበላው ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ከደሴ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ጃንጥላ አቅፈዋል። ከሚኒባሱ ጣራ በኩል ያንጠባጥብባቸዋል።

«እትዬ፣ ለምን አይዘረጉትም?»

«ይሄማ የእመቤቴ ነው። የስለት ነው፣ ልጄ።»

የዛሬ ሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸው በጠና ታሞ ነበር። «ካዳንሽልኝ በፍልሰታ ጾም አሸተን ማርያም በእግሬ ወጥቼ አስቀድሳለሁ፤ ጥላም አገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጁ ዳነ። ጉልበታቸው ግን በየዓመቱ እየባሰ እስካሁን አቆያቸው።

«ታዲያ ዘንድሮ እንዴት ደፈሩ?»

ከቦርሳቸው የተጣጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አወጡና ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። «ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ከከተማው ቅርብ ናት። ቀላል የአንድ ሰዓት ሽርሽር ነው። ጉልበት የሚያማቸው እንኳ ይወጧታል።»

የእኔ ጽሑፍ ነው። የላስታ ተወላጅ የሆነ ባልደረባዬን ጠይቄው «ቅርብ ናት» ብሎ አገጩን ወደ መስኮቱ አነሳ። ደገኛ ሰው «ቅርብ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ሰዓት ያልኩት ከራሴ ነው። የጉልበቱን ነገር ደግሞ የጨመርኩት አንቀጹ ስላጠረብኝ ነበር።

«ጥሩ ጽፏል፣ አይደል?»

«ደህና ነው» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። የጾሙ የመጨረሻ ቅዳሴ ነገ ነው። «ከርሞ እንኳን ጉልበቴ፣ እኔም መኖሬን እንጃ» ሲሉኝ አብሬያቸው እንደምወጣ ቃል ገባሁ።

ነሐሴ 15፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፤ ላሊበላ

በቅሎ የሚያከራዩት አያ ሞላ ይዘውን ወጡ። ተራራው ግማሹ ደመና ውስጥ ነው።

«አያ ሞላ፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ኧረ አብሽር፣ ቅርብ ናት!» አሉና አገጫቸውን ወደ ደመናው አነሱ።

እትዬ አስካለ ስለቱ በእግር ነውና በቅሎዋን እንቢ አሉ። እኔም ለክብሬ ስል እንቢ አልኩ። ክብሬ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ከዚያ በቅሎዋ ላይ ወጣሁ። ደግነቱ አገሩ ውብ ነው። ገብሱ እርከን በእርከን ለምልሟል፤ ባቄላው አብቧል፤ ከየገደሉ ውሃ ይወርዳል። አጠገቤ እትዬ አስካለ በዱላ እየተመረኮዙ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ይወጣሉ። ከላይ የሚወርዱ ሁለት ሴቶች አዩን።

«አይ ዘመን! እናቱን በእግር አስከትሎ እሱ በበቅሎ!»

እትዬ አስካለ አላስተባበሉልኝም። አያ ሞላም እንደዚያው። ሁለቱም እህል አልቀመሱም፤ እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ብስኩት ነበረኝ፤ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ነበር የምበላው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ በቋጥኞች መሃል የሚጠብበት ቦታ ስንደርስ፣ በቅሎ ከዚህ አያልፍም ተባለ። ወረድኩ። የከተማ ጫማዬ የረጠበውን ድንጋይ አንድ ጊዜ ረገጠ። ቁርጭምጭሚቴ ሲዞር የጮህኩት ጩኸት፣ አያ ሞላ እንዳሉት፣ ማዶ ያሉትን ላሞች አስበርግጓል።

እትዬ አስካለ በዚያ ጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው እግሬን ያዙ። በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። ያን ጊዜ ከላይ ደወል ተሰማ።

«ቅዳሴው ሊገባ ነው» አሉ አያ ሞላ። «ካለፈማ አያስገቡም።»

«ይሂዱ፣ እትዬ!»

«የሰው ልጅ ወድቆ ጥዬ? እመቤቴም አትወድልኝ።»

ሰባት ዓመት የጠበቀ ስለት በእኔ ጫማ ሊቀር ነው። የሚያስነሳቸው ነገር አንድ ብቻ ታየኝ። «እትዬ፣ ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር መጥቼ አላውቅም። የጉልበቱን ነገር ፈጠርኩት። ይምቱኝ፣ ይስደቡኝ፣ ብቻ ይሂዱ!»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው የጋዜጣ ቁራጩንና ቀይ እስክሪብቶ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡ።

«እስክመለስ አርመህ ጠብቀኝ።»

ጃንጥላቸውን አቅፈው፣ አያ ሞላን ተደግፈው፣ ወደ ቋጥኞቹ መሃል ገቡ። የዱላቸው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር። እኔ ከበቅሎዋ ጋር ቀረሁና አረምኩ። «ቅርብ» የሚለውን ሰረዝኩ። «ቀላል»ን ሰረዝኩ። «አንድ ሰዓት»ን ሰረዝኩ። የጉልበቱን ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።

ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወጣ። አያ ሞላ ስድስት ገበሬዎችና አንድ ቃሬዛ ይዘው መጡ። ቁልቁለቱ ለበቅሎም ያሰጋል፤ በዚህ ጭቃ ሕመምተኛ የሚወርደው በሰው ጫንቃ ነው። ወለምታ ብቻ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ያገሩ ደንብ ደግሞ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ ትከሻውን ይሰጣል። ከገበያ ወደ ቤቱ ሽቅብ የሚወጣው ሁሉ እየተመለሰ ተሸከመኝ። ሳይበላ የዋለ ሰው ሁለቴ ሽሮ የሚበላ ሰው ተሸክሞ «እግዜር ይማርህ» ይለኛል። እትዬ አስካለ አስቀድሰው፣ ጥላውን አግብተው፣ ከኋላ፣ በእግራቸው ይወርዳሉ። ፊታቸው በርቷል።

ነሐሴ 16፣ ረፋድ፤ ላሊበላ

ጾሙ ተፈታ። ወጌሻው እግሬን አሽተው ሊገድሉኝ ነበር። ወገባቸው ላይ የአሸንድዬ ቅጠል ያሰሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ለዓምዴ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላገኝም ብዬ በራፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወሬዬ ግን ቀድሞኝ ነበር።

«ጋራ ሊያሳየን መጣ ጋዜጠኛ፣
በሰው ጫንቃ ወርዶ ሆነ በሽተኛ!»

ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እትዬ አስካለ ናቸው።

ነሐሴ 17፣ ከሰዓት በኋላ፤ ደሴ

እዚህ ድረስ አብረን መጣን። ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ከተራራው እንደወረድን ከእጄ ወስደው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተውት ነበር። ደሴ ላይ ልጃቸው ሊቀበላቸው ቆሟል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጤነኛ ጎልማሳ። እትዬ አስካለ ከመውረዳቸው በፊት ግንባሬን ሳሙኝና የጋዜጣ ቁራጩን መለሱልኝ።

የገለጥኩት አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ነው። ስርዞቼ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ሁለት ጊዜ ከሰረዝኩት የጉልበቱ ዓረፍተ ነገር ጎን ግን፣ ጥቁር ሰሌዳ በለመደ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እንዲህ ተጽፏል፦

«ይሄ ልክ ነው። ለምን ሰረዝከው?»