የአያቴ የዳገት ሰላምታ

አያቴ ከብልባላ ገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያገኙትን ሁሉ አቁመው ሰላም ይሉ ነበር። «ከብቱ ደኅና? ልጆቹስ? አዝመራው እንዴት ይዟችኋል?» ሰው አክባሪነታቸው ባገሩ ተወራ፤ እኛም ኮራን። ሜዳ ላይ ሰላምታቸው አጭር መሆኑን ግን ማናችንም ልብ አላልንም።

ነገሩን የደረሰችበት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን መለየት ሠልጥና የተመለሰች የጤና ጣቢያችን ሐኪም ናት። ለሳላቸው ብዬ ብወስዳቸው፣ «እማማ፣ ዳገት ሲወጡ የት የት ያርፋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔ? ሰው ሰላም እላለሁ እንጂ መች አርፌ!»

ሐኪሟ ሳቅ ብላ ትንፋሻቸውን ለካች። ጠላ ሲጠምቁ የኖሩበት የማጀት ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሯል።

በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ይዘው ከከረሙ በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ያንን ዳገት ሳይቆሙ ወጡት! ጎረቤቶቻችን ደንግጠው «ምነው እማማ፣ በምን አስቀየምንዎ?» ብለው ተጣሩ። እሳቸው ከአናቱ ላይ ዞር ብለው፣ «ሰላምታው ቤት ነው፤ ድረሱብኝ!» አሉ።

ዛሬ ያቺ ሐኪም ሌሎች ሐኪሞችን ስታሠለጥን፣ «ስለ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ዳገቱም ጠይቁ» ትላለች። እኔን ግን፣ እማማ ካረፉ ወዲህ፣ ዳገቱ ላይ የሚያቆመኝ የለም። ቀና ብዬ አናቱን አያለሁ፤ ባዶ ነው። ቢሆንም እርምጃዬን አፈጥናለሁ። እማማ እኮ ቀድመውኛል!