ጭቃ ያልነካው ጫማ

ሥራዬን የጀመርኩት ወለል በመወልወል ነው። ከጤና ረዳት ማሠልጠኛ ወጥቼ፣ ኢሕአዴግ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ቦንጋ ከተማ ባለ አንድ ጤና ተቋም ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተመደብኩ። ነጭ ጋውኔን ተኩሼ፣ ፀጉሬን ተጎንጉኜ ነበር የሄድኩት። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ጥሩወርቅ ከላይ እስከ ታች አዩኝና መወልወያ አስጨበጡኝ።

«ብርሃኔ ማለት አንቺ ነሽ? እንግዲህ ስሚኝ። እዚህ ስትመጪ ሁለት ነገር ቤትሽ ትተሽ ነው፤ አፍንጫሽንና ዕንባሽን። ወለሉ ላይ ጭቃ ካየሁ ደግሞ ጠቤ ካንቺ ጋር ነው።»

ካፋን የሚያውቅ ሰው የዚህ ትእዛዝ ክብደት ይገባዋል። ዝናብ የሚያቆምበት ወር በጣት የሚቆጠር ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ግቢው ጭቃ፣ የሰው ሁሉ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። በራችን ላይ በርሜል ውሃና ጣሳ አስቀመጥኩ። ሳይታጠብ የገባውን ሁሉ በምላሴ እገርፈው ጀመር። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቤታችን ሰው ሁሉ እንደ ተከሳሽ ነበር የሚጠየቀው፤ እኔም ያንኑ ይዤ አደግሁ። ምላሴ ቢላዋ ነበር፤ አልክድም።

መሣሪያችን መቆንጠጫ ፒንሴት፣ መቀስ፣ የብረት ሳህን፣ ጎዝና ፋሻ ነው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን በጋዝ ምድጃ እንቀቅላለን። ገጀራ የሳተው እጅ ይመጣል፤ ከቡና ዛፍ የወደቀ ሰው ይመጣል፤ ሙጀሌውን በመርፌ ቁልፍ ሲያወጣ ጣቱ ያመረቀዘ ይመጣል። ሁሉም ይጮሃሉ፤ አንዳንዱ እኔን ይሰድባል። ስድቡን ለመድኩት። የሚጮህ እግር ገና አልሞተም።

ዝም የሚለውን እግር መጀመሪያ ያየሁት አንዲት የሺሺንዳ ነጋዴ ላይ ነው። ስኳር ከያዛቸው ዓመታት ሆኗቸዋል። ከገበያ በዝናብ ተመልሰው እግራቸውን እሳት ዳር ዘርግተው ሲሞቁ፣ «ሥጋው አረረ እኮ! ማነው ጥዶ የሄደው?» ብለው ቤተሰቡን ተቆጡ። ምንም የተጣደ ነገር አልነበረም። ያረረው የራሳቸው ተረከዝ ነው።

ያን ቀን ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ሲስተር ጥሩወርቅ እጃቸውን እየታጠቡ አስረዱኝ። «ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ይገድላል። ሕመም ማለት ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከሞተ ሌባው እንደ ልቡ ይገባል።» እኔም ይህንን ለበሽተኛ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ስደግመው ኖርኩ። መድገምና ማወቅ አንድ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ አዴሎ የመጡት በስድስተኛው የሥራ ዓመቴ ነው። ከቦንጋ የሰዓታት የእግር መንገድ ያለው የማንኪራ ሰው ናቸው፤ ማር ቆራጭ። ከረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ በባዶ እግራቸው ግንዱን ቆንጥጠው የሚወጡ ሰው። የስኳር ኪኒን ከተመላላሽ ክፍል ይወስዳሉ። ያን ቀን ግን እያነከሱ፣ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው፣ በርሜሉን አልፈው ዘው አሉ።

«እንዴ! እንዴ! በዚህ እግር ነው የሚገቡት? በርሜሉ አይታይዎትም? አሁን ወልውዬ መጨረሴ እኮ ነው! ቁስል ይዞ ጭቃ ለጭቃ፤ እግርዎን ሊቀብሩት ነው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አማርኛ ለከተማና ለቢሮ ብቻ የሚያወጡት ቋንቋ ነበር፤ ቃል ፈለጉ። «ይቅርታ ሲስተር። እኔ አላወቅም» አሉና ወጥተው ታጠቡ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ እንኳ አላፈርኩም።

እግራቸውን አንስቼ ሳይ፣ ውስጥ እግራቸው ላይ የጣት ቁመት ያለው እሾህ ገብቶ ተሰብሯል፤ ዙሪያው መግል ይዟል። ያነከሱት አሟቸው አልነበረም፤ እብጠቱ ለመርገጥ ስላልመቻቸው ነው።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቱ?» አሉኝ።

ሁለት ወር ሙሉ አጠብኩት። የሞተውን ሥጋ በመቀስ ስቆርጥ እሳቸው ስለ ማር ያወሩኛል፤ የትኛው አበባ ነጭ ማር እንደሚሰጥ፣ ንብ ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ። ቁስሉ ሲገጥም እልል ማለት ነው የቀረኝ። ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን አስጠርቼ ሁለቱንም ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ባዶ እግር የለም፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ማታ ማታ እትዬ አልማዝ ውስጥ እግርዎን በመብራት ይዩልዎ፤ በጣቶችዎ መካከልም። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት እጅዎን ከተው ይዳብሱት፤ አንዲት ፍሬ ጀንፈል ቡና ብትገባበት እንኳ አይሰማዎትም። እሳት አይሙቁ። ጭረት ካያችሁ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፤ በማግስቱ እዚህ ናችሁ።»

«ዛፍስ፣ ሲስተር? ዛፍ በጫማ አይወጣም።»

«ዛፍ የለም!»

«ቀፎዬ ላይ ነው ያለው።»

«ሌላ ሰው ያውርደዋ! እግርዎ ይበልጣል ቀፎ?»

እትዬ አልማዝ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጫማ አልነበራቸውም፤ የነበረው ኮንጎ ጫማ ጣታቸውን የሚበላ ነው። ገበያ ዳር ለሚቀመጠው ጫማ ሠሪ የእግራቸውን ልክ በወረቀት ስዬ ወሰድኩለት። ፊቱን ሰፊ፣ ውስጡን ስፖንጅ፣ ሶሉን ከመኪና ጎማ አድርጎ ሠራው። ጋሽ አዴሎ ሲቀበሉኝ በሁለት እጃቸው ነው። ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። በሕይወታቸው ለእግራቸው ተለክቶ የተሠራላቸው የመጀመሪያ ጫማ ነበር።

ከዚያ በየወሩ ይመጡ ጀመር፤ ካልሲ አድርገው፣ ጫማው ተወልውሎ። ክረምት ገባ፤ ጫማው ያው ነው። ሰው ሁሉ እንደ ጎሽ ተጨቅይቶ ሲመጣ እሳቸው ከሱቅ እንደወጡ ናቸው። እኔ ልቤ በደስታ ጠፋ። ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ ሰብስቤ፣ «እዩ! ከማንኪራ ድረስ መጥተው! ሰው ማለት እንደ ጋሽ አዴሎ ነው!» አልኩ። እሳቸው አፍረው ፈገግ አሉ።

ሲስተር ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው ሰሙኝ። «ከማንኪራ ነው የመጣው? በዚህ ዝናብ?» አሉ።

«አዎ ሲስተር! ያዩታል ንጽሕናውን?»

ሌላ ነገር ሊሉ ሲሉ ከማዋለጃ ክፍል ተጠሩና ሄዱ። ያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። የጋሽ አዴሎን ካልሲ አላስወለቅኩም። ጫማቸውን አይቼ ካርዳቸው ላይ «ደህና» ብዬ ፈረምኩ። በገዛ እጄ!

በሚቀጥለው ወር አልመጡም። ማሳ ይዟቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት እትዬ አልማዝ ፌስታል አንጠልጥለው፣ እያለከለኩ ገቡ። በርሜሉ ጋ ቆመው እግራቸውን መታጠብ ጀመሩ።

«ይተዉት እትዬ አልማዝ፣ ይግቡ! ጋሽ አዴሎስ?»

«ከኋላ አለ። በቃሬዛ።»

አራት ሰዎች ተሸክመው አመጧቸው። ፋሻውን ከመፍታቴ በፊት ሽታው ነገረኝ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጠቁሯል፤ ቅላቱ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ትኩሳታቸው እጅ ያቃጥላል። እጄ ይሠራል፤ አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመ፤ «ጫማውን ምን አደረጉት? ለምን አላደረጉትም?»

እትዬ አልማዝ ፌስታሉን ፈቱት። ጫማው እንደ አዲስ ነው። አገላበጥኩት። የሶሉ ጥርስ እንኳ አልተነካም።

«አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣ» አሉ። «ከተማ ሲደርስ ወንዙ ጋ ይታጠባል። ከዚያ ካልሲ ያደርጋል፣ ጫማ ያደርጋል። ሲስተር ጭቃ አትወድም ይላል።»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ።

«ቁስሉ መቼ ጀመረ?»

«የቡና ጉቶ ወጋው። ያኔ አንቺ ሰው ፊት ያመሰገንሽው ጊዜ፣ ነበረ። እኔ አይቼ ንገራት አልኩት። ሊነግርሽ ነበር የመጣ። ሲመለስ፣ ደስ ብሏት ነበር፣ እንዴት ብዬ ልንገራት፣ አለኝ።»

ማለት፣ እኔ ሕዝብ ሰብስቤ ሳጨበጭብ ቁስሉ ካልሲው ውስጥ ነበር። አንድ ካልሲ ማውለቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ወይኔ!

ወደ ጅማ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈ። መኪናው ሲሄድ ሲስተር ጥሩወርቅ ጫማውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው ሶሉን አዩት።

«አይተሽው ነበር?»

«አይቻለሁ። ንጹሕ ነበር።»

«በቦንጋ ክረምት ንጹሕ ጫማ እግር ላይ የዋለ ጫማ ነው?»

ከዚህ በላይ አልተቆጡኝም። «እኔም ያን ቀን መጠየቅ ጀምሬ ተውኩት» አሉና ጫማውን መልሰው አስቀመጡ። በዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ሲስተርም አልከለከሉኝም።

ጅማ ላይ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከሦስት ወር በኋላ በክራንች መጡ። ሌላው እግራቸው ላይ በሰው የመለስኩላቸው ጫማ አለ፤ ጭቃ ጠግቧል። በሩ ላይ ቆመው ወለሌን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሲስተር፣ ዛሬ ቆሽሿል።»

«ይግቡ ጋሽዬ፣ ይግቡልኝ» አልኩ። እግራቸውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ካልሲያቸውን አወለቅኩ፤ ጋውኔ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ውስጥ እግራቸውን፣ በየጣቶቹ መካከል፣ ተረከዙን፣ ሁሉንም አየሁ። ስለ ማር ግን አላወሩኝም። ጠየቅኳቸው። «ቀፎው እዚያው ላይ ነው» አሉ። «ንቦቹ አሉ። ከታች ሆኜ እሰማቸዋለሁ።»

ከዚያ የኖሩት አንድ ክረምት ብቻ ነው። ለቅሶ ስደርስ እትዬ አልማዝ ጓዳ አስገቡኝ። ሁለቱ ጫማዎች ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፤ አንደኛው አልቆ ሶሉ ሳስቷል፤ ሌላው እንደ አዲስ ነው።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ክፍሉን ላስረከብኳቸው ልጆች በርሜሉን ከበሩ አንስቼ ነው የሰጠኋቸው። የነገርኳቸውም ይህን ነው፤ የስኳር በሽተኛ ሲመጣ ሁለቱንም ካልሲ አውልቁ፣ ውስጥ እግሩን እዩ፣ ጫማውንም ገልብጣችሁ ሶሉን እዩ። ጭቃ ከሌለው በምን እንደመጣ ጠይቁ። ስትጠይቁም አትቆጡ፤ የሚፈራችሁ በሽተኛ ቁስሉን ይደብቃችኋል። ወለሉን በኋላ ወልውሉት።