ያልነቀልነው ቀይ ስር

ቅድም የቀይ ስሩን ዘር ከረጢት ጆሮዬ አጠገብ አምጥተሽ ስትነቀንቂው፣ ፍሬዎቹ ወረቀቱ ውስጥ ሲንኮሻኮሹ፣ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፤ «ምነው?» አልሽኝ። አዲስ ቤት ገብቶ፣ ጓሮ አግኝቶ፣ ለጀማሪ የሚቀለው አትክልት የትኛው ነው ብሎ በደስታ ለሚጠይቅ ሰው የሚነገር ወሬ አይደለም። ግን ከጠየቅሽኝ አይቀር ልንገርሽ።

ሰላጣ ቀላል ነው። ጎመን ቀላል ነው፤ ቆስጣማ ለሰነፍም ይበቅላል። ቀይ ስርም ቀላል ነው ይላሉ። እኔ ግን ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ወዲህ ቀይ ስር ዘርቼ አላውቅም።

ያኔ ቡራዩ ነበርን። አባቴ ከአምቦ መንገድ ገባ ብላ ባለች የብየዳ ቤት ይሠራ ነበር፤ በርና መስኮት ሲበይድ ይውልና ብረት ብረት እየሸተተ ይገባል። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ ዶማ የሚያውቀው ሲሰበርና ሲበይደው ብቻ ነው እያለች እናቴ ትቀልድበት ነበር። ሳቂታ ነበረች። ያን ዓመት ግን ከገና ጀምሮ ባልዲ ስታነሳ ያዞራት፣ ከንፈሯም እየነጣ ይሄድ ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሟ ደሟ በጣም አንሷል አለችን። ክኒን ሰጠቻት፣ ቆስጣና ቀይ ስር ብዪ አለቻት፤ ደሟ ለምን እንዳነሰ ትልቅ ሆስፒታል ሄዳ እንድትመረመርም የሪፈር ወረቀት ጻፈችላት። እኛ ከዚህ ሁሉ የያዝነው ቀይ ስሩን ነበር።

የጥምቀት ሰሞን አባቴ ጓሮውን በአካፋ ገለበጠው። ቁርጥራጭ ብረት በይዶ አጥር ሠራለት፣ የዘይት ቆርቆሮ በምስማር በሳስቶ ውሃ ማጠጫ አደረገው። ትንሽ ቆስጣና ሰላጣ ዘራን፤ የቀረው መደብ ሁሉ ቀይ ስር ሆነ። ውሃ በሳምንት አንዴ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ ሩዝ ያጠብንበትን እንኳ አንደፋም። እናቴ በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ ታየናለች። ጠዋት ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ፣ እርጥቡ አፈር ሲሸት፣ ከዋናው መንገድ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ሲሰማ፣ እናቴ ደግሞ አባቴን ጎንበስ በል እንጂ እያለች ስትስቅበት፣ እውነቴን ነው፣ ደስተኛ ነበርኩ።

ከአጥራችን ወዲያ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ቤት ከመሆኑ በፊት ገብስ ይዘሩበት ነበር ይባላል። አባቴ ኦቦ እያለ ነበር የሚጠራቸው። ቡቃያው ጣት ሲያክል በአጥር አሻግረው አዩትና ሳቁ። የቀይ ስር ዘር አንዷ ፍሬ ሦስት አራት ሆና ትበቅላለች፤ ካልተነቃቀለላት ሥሯ አያብጥም አሉን። ወደ እኔ ዞረውም፣

«እንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሦስቱን ንቀዪና አንዱን አሳድጊ» አሉኝ።

እንዴት ብለን እንንቀል? አባቴ እያንዳንዷን ቡቃያ የሚያያት እንደ እናቴ ደም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንዲትም አልነቀልንም። ሽማግሌው ሌላ ቀን መጥተው አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ቆስጣው ቀድሞ ደረሰ። በነጭ ሽንኩርት እየጠበስኩ አበላት ጀመር። አባቴ ወዟ ተመለሰ አለ፤ እኔም ተመለሰ አልኩ። አልተመለሰም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የሪፈሩን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር አውጥቼ አሳየኋት።

«ቀይ ስሩ ይድረስ» አለችኝ። «ደሜ ትንሽ ሲሞላ በእግሬ እሄዳለሁ። እንዲህ ሆኜ ብሄድ አልጋ ነው የሚያስይዙኝ።»

አባቴን አየሁት። እሱ ጓሮውን አየ። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው አለ። ወረቀቱን ቦታው መለስኩት። ስመልሰው ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሆስፒታሉን እኔም ፈርቼዋለሁ።

አባቴ ዛሬ ሰበታ ከእኔ ጋር ነው። ጓሮ ያለው ቤት አልገባም ስላለ ፎቅ ላይ ነው የተከራየነው።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አፈሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ሎሚ እንኳ አያክልም። ከገበያ የምናውቀው ቀይ ስር ጡጫ ያክላል፤ ያን እስኪያክል ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ እያልን ጠበቅን። እናቴ ከበረንዳው ወደ አልጋዋ ገባች። አንድ ጠዋት አባቴ ባጃጅ ሊጠራ ሮጦ ወጣ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ሳንደርስ እጄን እንደያዘች ዐረፈች።

ድንኳን ተተከለ። የእድር ሴቶች ድስታቸውን ይዘው መጡ። ሁዳዴ ነበር፤ ለቀስተኛው በዛና ሽሮውም ምስሩም አለቀ። አንዷ ሴትዮ ወደ ጓሮ ዞር ብላ፣ እዚህ አትክልት ሞልቶ የለም እንዴ ስትል ሰማኋት። ተዉት ማለት ነበረብኝ። ሲነቅሉት፣ ሲያጥቡት፣ ከድንች ጋር ሲቀቅሉት ሽታው ድንኳኑ ድረስ መጣ።

አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም ነበር። ሴትየዋ ሳህን ሰጠችው። ቀዩን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ አንዷን አንስቶ ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ደርሶ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«ከደረሰማ ቆየ» አለችው፤ ምን እንደጠየቃት አላወቀችም። «ተጨናንቆ ነው እንጂ ያነሰው።»

አባቴ ሳህኑን አላስቀመጠም። እንባው እየወረደ ይጎርስ ጀመር። እጁን ልይዘው አስቤ አልቻልኩም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ከሳህኑ አብሬው በላሁ። ጣፋጭ ነበር።