ለልብ የታዘዘ አስፕሪን

ነቀምት ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል በረዳትነት የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ጠርሙስ ማጠብ ነበር። ያን ጊዜ ሽሮፕ የታዘዘለት ሰው ጠርሙሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አረቄ አረቄ የሚሸት ጠርሙስ በፈላ ውሃ ሳለቀልቅ፣ «ለዚህ ነው የተማርኩት?» እያልኩ ዋልኩ።

አለቃዬ የፋርማሲ ቴክኒሻኑ አቶ ደበላ ነበሩ። ስብሰባ ላይ «ጓድ» ይባላሉ፤ እኛ ክፍል ግን እንደዚያ የጠራቸው አልነበረም። ኪኒን በጣት አያስነኩም፤ ትሪ ላይ አፍስሰን በቢላዋ ጫፍ እየገፋን እንቆጥራለን። ማንበብ ለማይችል ኪኒኑ የሚገባበት ፖስታ ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ እንስላለን። «አወሳሰዱን መልሶ ሳይነግርሽ እንዳታሰናብቺው» ይሉኝ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የኡኬ ከተማ ማር ነጋዴ መስኮቴ ላይ መጡ። ልባቸው ድንገት ታሞ፣ ተኝተው ታክመው መውጣታቸው ነው። ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ ሁለት ነገር አዘዘላቸው፤ የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒንና አስፕሪን። አወሳሰዱን ስጠይቃቸው አንድም ሳይስቱ መለሱልኝ። ከዚያ አስፕሪኗን አዩዋት።

«ይቺን እኛ ሰፈር ሽኩር ሱቅ አላውቃትም? የራስ ምታት ናት። እኔን ራሴን መቼ አመመኝ? መርፌ ካለ ስጪኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከሌለም አትሸንግዪኝ።»

«ኦቦ፣ ደም ልብዎ ላይ እንዳይረጋ ነው።»

አንዱን ፖስታ ይዘው፣ አስፕሪኑን መስኮቱ ላይ ጥለውልኝ ሄዱ። በጣም ተናደድኩ።

አቶ ደበላ ግን፣ «ምን ያናድድሻል?» አሉኝ። «መድኃኒት አልቋል ስንል የኖርን እኛ ነን። አሁንም ዋናው መድኃኒት አልቆ በአስፕሪን የሸነገልናቸው መስሏቸው ነው።»

ብዙም ሳይቆይ የክትባት መኪና በኡኬ ሲያልፍ የአስፕሪኑን ፖስታ ይዤ ተሳፈርኩ። ኦቦ ገመቹ ከጉራጌው ባለሱቅ ከጋሽ ሽኩር ደጃፍ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጠዋት ጠዋት ከዚያ አይጠፉም አሉኝ የሰፈሩ ሰዎች።

«ያኛውስ ኪኒን?» አልኳቸው።

«ተሻለኝ፤ ተውኩት።»

«ኦቦ፣ ሕመሙ ሁለተኛ ቢነሳብዎት እኛ ጋ ላይደርሱ ይችላሉ» አልኳቸው፤ ሳቁብኝ። ወደ ጋሽ ሽኩር ዞሬ ሁሉንም አስረዳኋቸው።

«ይቺው እኔ የምሸጣት?»

«ይቺው። ለልብ ግን ሐኪም ላዘዘለት ብቻ ናት።»

ጋሽ ሽኩር ወዳጃቸውን አዩ። «ገመቹ፣ ሚስማሬን ለቤትህ ታምናለህ፤ ኪኒኔን ለልብህ ትንቃለህ?»

ደጃፉ በሳቅ ሞላ። ኦቦ ገመቹም ሳይወዱ ሳቁ።

«ነገ ሐኪምህ ዘንድ ትሄዳለህ» አሉ ጋሽ ሽኩር። «መድኃኒትህን እዚህ ሚዛኑ አጠገብ ታስቀምጣለህ። ቁርስህን በልተህ ና፤ ሳትውጥ ሬዲዮ አልከፍትም።»

ኦቦ ገመቹ በማግስቱ ሆስፒታል መጡ። ሐኪሙ አይቷቸው የተዉትንም እንደገና አስጀመራቸው። ከዚያ ወዲያ መድኃኒታቸው ሊያልቅ ሲል ራሳቸው ይመጣሉ። መንግሥት ተለውጦም ይመጡ ነበር። መስኮቱ ላይ ተደግፈው፣ «ራሴን ዛሬም አላመመኝም፤ ጨምሪልኝ» ይሉኛል።

እሳቸውን ካየሁ በኋላ በሽተኛ አወሳሰዱን መልሶ ስለነገረኝ ብቻ አላሰናብትም። ስለ መድኃኒቱ ምን እንደሚያስብ፣ ሰፈሩ ሲገባም የማንን ምክር እንደሚሰማ እጠይቀዋለሁ።