በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ

ያንን ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ የቀበረውን ሰው አላውቀውም። ቤቱ በአዋጅ ተወርሶ ቀበሌ ለእኛ ከመስጠቱ በፊት ባለቤቱ የነበረው ነው ይላሉ። ውኃ እቤቱ ድረስ ያስገባ ሰው መባል ፈልጓል፤ ብረቱ እንዲታይ ደግሞ አልፈለገም። ስለዚህ በጭቃና በጭድ ለስኖ ደበቀው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆች ካፈራሁ በኋላ ነው። ጭቃና ውኃ እንደማይስማሙ ለማወቅ ግን ፊደል አላስፈለገኝም።

የፈነዳው እሑድ ጠዋት ነው። ከሰፈር ጥበቃ መመለሴ ነበር። ቀበሌዎች በየተራችን ጠመንጃ ያሸክሙናል፣ ካኪ ኮት ያለብሱናል፤ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ጠመንጃውን አስረክቤ፣ ኮቱን ሳላወልቅ ቤት ስገባ በአልጋችን ራስጌ ያለው ግድግዳ አብጦ ውኃ ያንጠባጥባል። አልጋው ላይ ሚስቴ ተኝታለች። አራስ ናት፤ ልጁ ገና ክርስትና አልተነሳም። ያለን አንድ ክፍል ነው። ያ ግድግዳ ከወደቀ አራስ የማስተኛበት ቦታ የለኝም።

ወደ ቆጣሪው ሮጥኩ። መዝጊያው ዝጎ ኖሮ ገና ስጠመዝዘው እጀታው እጄ ላይ ቀረ። የውኃው መሥሪያ ቤት እሑድ ዝግ ነው። የቀረኝ የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነበር። በታቦር ተራራ ሥር እሱን የማያውቅ የለም። ፋብሪካ ይሠራል፣ በእረፍቱ የሰው ቧንቧ ይጠግናል። ጴንጤ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ አንዲት አሮጊት ቤት ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚዘምሩ እኔም አውቅ ነበር። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። በቀጥታ እዚያው ሄድኩ።

በሩን ደበደብኩት። ቤቱ ሊፈርስበት የደረሰ ሰው በጣቱ ጫፍ አያንኳኳም። ዝማሬው ቀጥ አለ። አግዳሚ ወንበር ሲንኳኳ፣ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ። አሮጊቷ በበሩ ስንጥቅ አዩኝና ሳይከፍቱ ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ቱላ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አሉ። ብስክሌቱ አጥራቸውን ተደግፎ ቆሟል፤ የቧንቧ መፍቻው ከኋላ ታስሮበታል።

«እማማ፣ ብስክሌቱን ትቶ ቱላ ድረስ በእግሩ ነው የሄደው?» አልኩ።

«አዎ ልጄ፣ ጎማው ተንፍሶበት ነው።»

ጎማውን በእግሬ ረገጥኩት። ድንጋይ ነው።

ግድግዳ ሊወድቅብኝ ነው፣ አራስ አለችኝ ብዬ ጮህኩ። በጮህኩ ቁጥር ቤቱ ይበልጥ ጸጥ አለ። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ። ለሚስቴ ነገርኳት። ልጁን በጋቢ ጠቀለለች፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተነሣች። አራስ ሴት ፀሐይ ላይ አትወጣም፤ ምች ይመታታል፣ ደግሞም ነውር ነው። ይህን ብላት ግድግዳውን በአገጯ አሳየችኝ። ተከተልኳት። የአሮጊቷ አጥር ጥግ ስንደርስ ሚስቴ ዞር አለች።

«አንተ እዚህ ቁም። ያን ኮት ለብሰህ አትከተለኝ።»

በሩን አላንኳኳችም። ተጠግታ፣ «እማማ፣ አራስ ነኝ፤ ግድግዳው ሊወድቅብኝ ነው» አለች። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ለእኔ ቱላ የሄደው ሰውዬ ብቅ አለና ብስክሌቱ ላይ ዘሎ ወጣ።

ቧንቧው ከመንገድ የሚገባበትን ቆፍሮ አገኘው፣ ቆርጦ በጎማና በሽቦ አሠረው። ሥራው እንከን አልነበረውም። ግን እሱ ሲያስር ግድግዳው ተንሸራተተ። ጭቃው በሙሉ ባዶው አልጋ ላይ ተዘርግፎ እንጨቱ ብቻውን ቆመ፤ ድስታችንና ልብሳችን ለመንገደኛ ሁሉ ታየ።

«ጋሼ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ይተርፍ ነበር» አለኝ።

«ነግሬሃለሁ። በሩ እስኪነቀል ነግሬሃለሁ።»

«እሱ መንገር አይደለም፣ ጋሼ። ባለፈው እንደዚያ አድርጎ ያንኳኳ ሰው ሁለት ወንድሞቻችንን ይዞ ነው የሄደው።»

ልመታው ፈለግሁ። አንድ ሰው መምታት ነበረብኝ፣ የቀረበኝ እሱ ነው። ወንድሞቹን የወሰዳቸው እኔ አይደለሁም። ኮቱንም ያሰፋሁት እኔ አይደለሁም። በሰላም አገር በር ማንኳኳት በር ማንኳኳት ብቻ ነው። ይህችን ማንኳኳት ያበላሹብን ሰዎች ያን ቀን ምሳቸውን በልተው ተኝተው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷና የጸሎቱ ሰዎች መጡ። አልጠራኋቸውም። ሱሪያቸውን ጠቅልለው የወደቀውን ጭቃ መልሰው ረገጡት፤ ጭዱ ውስጡ ስላለ ይሆናል አሉ። አራሷ ዛሬውኑ ገብታ እንድትተኛ ነው የሚጣደፉት። ግድግዳው ወገብ ድረስ እንደደረሰ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂ ጋር ደረሰ።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ «ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ግድግዳውም የቀበሌ ነው። እነዚህ ይሂዱ ካሉ ሱሪዎን ይጠቅልሉና እርስዎ ይርገጡልን።»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ እነሱ አዞረ። «ወደየቤታችሁ!» አላቸው። እጃቸውን ታጥበው አንድ በአንድ ወጡ። ቧንቧ ሠራተኛው ማሠሪያውን አንድ ጊዜ ዳሰሰና መጨረሻ ላይ ሄደ።

የቀረውን ልጨርስ ብል የቀበሌን ንብረት ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም ተባልኩ። ፈቃድ ስጠይቅ ይታያል አሉኝ። ከወገብ በላይ ያለውን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈንኩት፤ ከተማችን ዳር ካለው ሐይቅ በኩል ንፋስ በተነሣ ቁጥር ይገለጣል። ሚስቴ የአራስነቷን ጊዜ የጨረሰችው አልጋው ላይ አይደለም። መንገደኛ እንዳያያት ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ ከግድግዳው ከፍታ በታች ጎንበስ ብላ ልጁን ታጠባ ነበር።