እጁን ኪሱ የከተተው ጀግና

የራሰ ከሰል ሽታ አፍንጫዬን ባወደው ቁጥር፣ ከዊንጌት እስከ ሸጎሌ አቻ ያልነበረኝ ሠዓሊ እንደነበርኩ ትዝ ይለኛል፤ ግድግዳችን ላይ በከሰል የሳልኩትን ጀግና ያዩ የእንጦጦ ጅቦች እንኳ መንገድ ይቀይሩ ነበር። እ... ማለቴ፣ እጁን እስካላዩ ድረስ። እጅ መሳል አልሆነልኝም፤ ጣቶቹ ካሮት እየመሰሉ ስላስቸገሩኝ፣ ጀግናዬ ክረምት ከበጋ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የሚደባደበው።

ጀግናው የመጣው ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ ስለሚያስር «ባለ ሻሹ» እንለው ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁን ይውጠው፣ መብራቱም ባለ ሻሹ ገደል አፋፍ ላይ እስኪንጠለጠል ጠብቆ ድርግም ይል ነበርና፣ የፊልም መጨረሻ ያየ የጉለሌ ልጅ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጨረሻውን የምትፈጥረው ታናሽ እህቴ ሙሉ ነበረች። እኛ በረንዳችን ላይ ተኮልኩለን ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ፣ ባለ ሻሹን ከገደሉ አውርዳ የዊንጌት ታክሲ ረዳት ታደርገው ነበር፤ ሌላ ቀን ሸጎሌ የበሬ ደላላ ይሆናል፣ ሌላ ቀን ቀንደኛ ጠላቱ ጎረቤቱ ሆኖ ቧንቧ ወረፋ ላይ ይጣላሉ። እኔ ከኋላ ያንኑ ታሪክ ግድግዳው ላይ እስል ነበር፤ ልጆቹ ግን ለሥዕሌ ጀርባቸውን ሰጥተው አፍ አፏን ያያሉ። ቅናቱ እንዴት ያንገበግበኝ ነበር! እራት እንኳ አልዋጥ ይለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ግድግዳው ሲደርቅ፣ ቦታዬን ለማስመለስ ቆርጬ ተነሳሁ፤ ባለ ሻሹን ከመሬት እስከ ጣሪያ ስዬ፣ ልጆቹን ሰብስቤ፣ የራሴን ታሪክ ጀመርኩ። ጀግናው ብቻውን መቶ ሰው ገጠመ፤ ፊታቸው አልፈታ ሲለኝ ሺህ አደረግኩት።

«ቆይ፣ እጁን መቼ ነው የሚያወጣው?» አለ የጎረቤታችን ልጅ ዳኜ።

«አያስፈልገውም። በእግሩ ይበቃቸዋል።»

«ሰውዬው በርዶታል እንዴ? ሙሌ፣ ነይ ንገሪን በቃ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እህቴ ፊቴን አየችና ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ፣

«በርዶት አይደለም» አለች። «ኪሱ ውስጥ ጫጩት አለች። እናቷን ጭልፊት ወስዶባት እያሞቃት ነው።»

ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሌን አተኩረው አዩ፤ ያ ቀልደኛው ዳኜ እንኳ ኪሱን በጣቱ ነካ አድርጎ «ትሞቃለች» አለ። ያዳነችኝ እሷ ነበረች፤ እኔ ግን አሁንስ ሥዕሌንም ወሰደችብኝ ብዬ እስከ ገና አኮረፍኳት።

ሙሉ ዛሬ የባንክ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የአንድ የውጭ አገር ካርቱን ገጸ ባሕርያትን በስልኳ እየሳለች፣ የሸጎሌ ሚኒባስ ወረፋ ላይ አሰልፋ፣ የካርቱኑ አፍቃሪዎች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ከነታሪካቸው ትለጥፋቸዋለች። አንዱ ከፊሊፒንስ ተነስቶ፣ ሸጎሌ በምን ታክሲ ይኬዳል ብሎ ጠይቋታል። እኔን ግን በምን ሳልክ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በቀደም «የሚሚ እናት» የምትባል፣ ፎቶዋ ነጭ ድመት የሆነች አስተያየት ሰጪ፣ «ሁሉም እጃቸውን ኪስ የሚከቱት መሳል ስለማትችዪ ነው?» ብላ በአማርኛ ወጋ አደረገቻት።

ሙሉም እንዲህ ስትል መለሰችላት፤ «እችላለሁ፣ እህቴ። መጀመሪያ ያየሁት ሠዓሊ ወንድሜ ነው፤ እሱ እንዲህ ነበር የሚስለው። ጫጩቷ እንዳይበርዳት ብዬ ነው።» የልብ ምልክቱ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደላት።

ያ ግድግዳ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ያኔ ቅናቴን ሰፈሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ያነበው ነበር፤ ዛሬ ግን ለቅናትም መደበቂያ ተገኝቶለታል። የሚሚ እናት እኔ ነኝ። ሚሚ የምትባል ድመትም የለችኝም።