የእትዬ ሸጋ ድርጭት

እኔ ሰው ማስቀየም አልወድም። ይህን ጠባዬን እንደ ደግነት ስቆጥረው ኖሬአለሁ፤ እትዬ ሸጋ ትዝ ሲሉኝ ግን አፍርበታለሁ።

በ2007 ዓ.ም. እንጅባራ ውስጥ ከእሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። እትዬ ሸጋ ስድሳን ያለፉ፣ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ልጅ የላቸውም። ደሴ የሚባለው ባላቸው ሃያ ዓመት አብሯቸው ከኖረ በኋላ ዳንግላ ሌላ አግብቶ እዚያው ወለደ። ይህን የሰማሁት ከእሳቸው ሳይሆን ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገራል።

በኅዳር መግቢያ ወንድማቸው ምስጋናው ከጥርባ ገጠር አንዲት ድርጭት ይዞላቸው መጣ። ገብስ ሲያጭድ ማጭዱ ክንፏን ነክቷት መብረር ተስኗታል። “ጠብሰሽ ብያት” ብሎ ነበር የሰጣቸው። እሳቸው ግን ክንፏን ቅቤ ቀብተው፣ ጭድ በተጎዘጎዘ ቁና ውስጥ አስቀመጧት። ወር ሳይሞላት እግር እግራቸውን ትከተል ጀመር። ልብስ ሲያጥቡ ቀሚሳቸው ሥር ትገባለች፤ ሲቀመጡ ጭናቸው ላይ ናት። ከእኔ ጋር በአማርኛ እንነጋገራለን፤ ከእሷ ጋር የሚያወሩት ግን በአዊኛ ብቻ ነበር። ምን እንደሚሏት አላውቅም። ብቻ እንደዚያ ሲስቁ ሌላ ጊዜ አይቻቸው አላውቅም።

ጥር ላይ እንቁላል መጣል ጀመረች። ዶሮ የምትጥለው ጠዋት ነው፤ ይህቺ ግን ቀኑን ሙሉ ስትዞር ውላ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቁናዋ ውስጥ ገብታ ጸጥ ትላለች። እትዬ ሸጋም አብረዋት ጸጥ ይላሉ። እንቁላሏ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጥም፤ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጠብሰው ያበሉኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ማንሳቱን ተዉት። የሚበላው ስለሌለ እዚያው ይቆይ አሉ። እንቁላሉ አሥራ ሁለት ሲሞላ ድርጭቷ ታቀፈችና አልነሳም አለች።

በሳምንቱ ጠሩኝ። “አበረ፣ ወንድ እንደሌላት አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ከጓሮ በኩል ወንዱ ሲጠራት የሰማሁ መሰለኝ። ሳላያት ወጥታ ይሆን? አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ እየው፣ ይፈለፈላል?”

ከጓሮው ጀርባ ያለው ለከሰል የተተከለ የዲከረንስ ዛፍ ነው። ድርጭት እዚያ ምን ትሠራለች። አንዱን እንቁላል ጨለማው ጓዳ ውስጥ ወስጄ ሞባይሌ መብራት ላይ አድርጌ ውስጡን አየሁት። ጽንስ የለውም፤ ባዶ ነው። እሳቸው በር ላይ ቆመው ፊት ፊቴን ያያሉ።

“ተስፋ አለው፤ ትንሽ ይጠብቁ” አልኳቸው።

እውነቱን ብነግራቸው ምን ነበረበት? እንቁላሎቹን ቢያነሱባት በጥቂት ቀን ትረሳቸው ነበር።

ድርጭት የምትፈለፍለው በአሥራ ሰባት ቀን ገደማ ነው። ሃያ አለፈ፣ ሃያ አምስት አለፈ። እትዬ ሸጋ የተከካ ገብስ አፏ ሥር ያስቀምጡላታል፤ እምብዛም አትነካውም። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ወጣ።

“ላንሳባት እንዴ?” አሉኝ አንድ ጠዋት።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ግን የመጀመሪያውን ውሸቴን መናዘዝ ሆነብኝ። “ጥቂት ቀን ይጨምሩላት” አልኩ።

በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ቀን፣ እንደታቀፈች ሞታ አገኟት። ጠርተውኝ ስመጣ አንዱን እንቁላል የበሩ ደረጃ ላይ ሰበሩት፤ ውሃ የመሰለ ነገር ፈሰሰ። ቀና ብለው አዩኝ።

“ታውቅ ነበር?”

“አዎ፣ እትዬ። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።”

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“እኔንም እንዳይከፋት እያሉ ሃያ ዓመት ‘ትንሽ ጠብቂ’ ሲሉኝ ኖረዋል” አሉ። “ሐኪሙም፣ አማቴም። ቁርጡን ቢነግሩኝ የሰው ልጅ ወስጄ አሳድግ ነበር።”

ድርጭቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ልከተላቸው አልደፈርኩም።

የፋሲካ ዕለት ድርሻዬን ዶሮ ወጥ እንደ ወትሮው በሳህን አመጡልኝ። ከዚያም ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ኖርን። ሰላምታቸው አልተቀየረም። ኋላ የገዟት ላም ስትታመም ግን አጠገባቸው እያለሁ እስከ ሌላው ሰፈር ሄደው ሌላ የከብት ሐኪም ጠርተው መጡ።